በቅርፊት ሥር የሚኖሩ ጥንዚዛዎችን ወገን እንዴት መለየት ይቻላል?

በወፍ ዋሻ ደን በወደቀ ጽድ ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ተቆርጦ በተከመረ የፈረንጅ ጽድ ቅርፊት ላይ ደቃቅ ቀዳዳዎች ከታዩና ቡናማ ዱቄት ከተራገፈ፣ የቅርፊት ጥንዚዛ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ጥንዚዛዋ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማትበልጥ ጀማሪን ታሳስታለች፤ ስለዚህ ምደባውን ከቦረቦረችው መስመር መጀመር ይሻላል።

በቅድሚያ ከወደቀው ግንድ ላይ (በቁሙ ያለውን ዛፍ አይላጡ፣ በጥብቅ ደንም ያለ ፈቃድ አይንኩ) ቅርፊቱን ከነልጡ በቢላዋ ቀስ ብለው ያንሱና የውስጥ ገጹን ይመልከቱ። እናቲቱ የቦረቦረችው መስመር ስፋቱ ወጥ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ እንቁላል የጣለችባቸው ጥቃቅን ጎድጓዶች ተደርድረው ይታያሉ። ከእያንዳንዱ ጎድጓድ የሚነሳው የእጭ መስመር መጀመሪያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ እጩ በወፈረ ቁጥር እየሰፋ ሄዶ፣ ወደ ጥንዚዛነት በሚለወጥበት ጉድጓድ ያበቃል። በጽድ ላይ የእናቲቱ መስመር ግንዱን ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ከተዘረጋ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፍሎዮሲነስ የተባለው ወገን (ጂነስ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ምድብ) ነው። ይህ ወገን በዋናነት የሚያጠቃው የጽድ አስተኔን (ፋሚሊ፣ ተዛማጅ ወገኖችን የያዘ ምድብ) ሲሆን፣ የሐበሻውም የፈረንጁም ጽድ እዚያው ይመደባሉ። በአንጻሩ መስመሩ ቅርፊቱን አልፎ ወደ እንጨቱ ከዘለቀና ግድግዳው ከጠቆረ፣ ራሷ ያለማችውን ፈንገስ የምትመገብ አምብሮሲያ ጥንዚዛ ልትሆን ትችላለች።

ቀጥሎ ነፍሳቷን 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ይመርምሩ። የቅርፊት ጥንዚዛ አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፣ ጫፉም እንደ ዱላ ራስ ያበጠ ነው፤ እጯ ነጭ፣ ቆልማማና እግር አልባ ናት። አንቴናው ካልታጠፈና እጩ እግር ካለው ቦስትሪኪዴ ከተባለው ሌላ አስተኔ ሊሆን ይችላል።

የቆዩ መጻሕፍት እነዚህን ጥንዚዛዎች ስኮሊቲዴ በሚል ራሱን የቻለ አስተኔ ይመድቧቸዋል። ዛሬ ግን ስኮሊቲኔ ተብለው፣ 6,000 ያህል ዝርያዎች ያሉት የኩርኩሊዮኒዴ (የነቀዞች አስተኔ) ንዑስ አስተኔ ሆነዋል፤ ስለዚህ ጎተራ ውስጥ ማሽላ የሚፈጀው ነቀዝ ዘመዳቸው ነው። ቅርፊት የማትነካው የቡና ፍሬ ቦርቧሪም በዚሁ ንዑስ አስተኔ ትገኛለች።

ዝርያን መወሰን የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ወገን ላይ መቆም በቂ ነው። ናሙናውን በ70 በመቶ አልኮል ያኑሩ፤ የዛፉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ፣ እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃልና። የቅርፊቱንም ቁራጭ አድርቀው አብረው ያስቀምጡ።