የፈንግል ዝርያዎችን በኤችአይ ስናነጻጽር የሚያሳስቱን ነገሮች

ኤችአይ ሴረም (የደም ውሃ) እስከ ስንት ቀጥኖ ቫይረሱን ቀይ የደም ሴል ከማጣበቅ እንደሚገታ የሚለካ ምርመራ ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣ የፈንግል (የኒውካስል የዶሮ በሽታ) ቫይረስ አለን እንበል። በላሶታ (የፈንግል ክትባት ዝርያ) የተከተበች ዶሮ ሴረም ላሶታን እስከ 1:256 ቀጥኖ ይገታል፤ የመንደሩን ቫይረስ ግን 1:64 ላይ ይለቀዋል። «ክትባቱ ለዚህ ዝርያ አይሆንም» ለማለት አፍ ይበላል። ቆዩ፣ መጀመሪያ ፕሌታችሁን (ምርመራው የሚሠራበትን ባለጉድጓድ ሳህን) ጠርጥሩ።

ችግር፦ የመንደሩ ቫይረስ በየትኛውም ሴረም ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣል

ብዙ ጊዜ አንቲጂኑ (ለምርመራው የሚጨመረው ቫይረስ) በዝቶ ነው። ምርመራው 4 ኤችኤ ዩኒት (የቫይረሱ ሴል የማጣበቅ አቅም መለኪያ) ይፈልጋል፤ 8 ከሆነ ውጤቱ አንድ ዌል (አንድ ጉድጓድ፣ ማለትም አንድ የእጥፍ ቅጥነት) ያህል ይወርዳል፣ 2 ከሆነ ይወጣል።

መፍትሄ፦ የቫይረሱ ኤችኤ (ሴሎቹን የሚያጣብቅበት የመጨረሻ ቅጥነት) 1:128 ከሆነ 1:32 አቅጥኑና መልሳችሁ ለኩት። እስከ 1:4 ሴሎቹን ሙሉ በሙሉ አጣብቆ 1:8 ላይ ካቃተው ልክ ነው። «ትናንት ለክቼዋለሁ» አይሠራም፣ ያውም ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካደረ።

ልኩ ተስተካክሎም ልዩነቱ ካልጠፋ በአንድ ወገን አትፍረዱ፤ በመንደሩ ቫይረስ ላይ የተዘጋጀ ሴረምም ያስፈልጋል። አርኬቲና ሆርስፎል በ1950 ያወጡት ስሌት የሁለቱን ወገን ሬሾ (ሴረሙ ሌላውን ቫይረስ የገታበት ቁጥር የራሱን በገታበት ሲካፈል) አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን ይወስዳል። የመንደሩ ቫይረስ ሴረም የራሱን ቫይረስ 64 ላይ፣ ላሶታን 256 ላይ ከገታ ሬሾዎቹ 1/4 እና 4 ናቸው፤ ውጤቱ 1። ዝርያዎቹ አልተለያዩም፣ አንቲጂኑ ነው አስቸጋሪው። የራሱን 256፣ ላሶታን 64 ላይ ከገታ ግን ውጤቱ 1/4 ነው፤ ያኔ ወሬ አለ። የአንድ ዌል ልዩነትማ ያንኑ ሴረም ነገ ብትደግሙትም ይመጣል።

ችግር፦ ውጤቱ በቆየ ቁጥር ይለወጣል

ቫይረሱ ኒውራሚኒዴዝ (ከሴል የሚያላቅቀው ኢንዛይም) ስላለው ያጣበቃቸውን ሴሎች ቆይቶ ይለቃል፤ ፍጥነቱ እንደየዝርያው ነው፣ ሙቀትም ያጣድፈዋል። የባሕር ዳር ከሰዓትና የደብረ ማርቆስ ጠዋት አንድ አይደሉም።

መፍትሄ፦ ክፍሉ ከሞቀ ፕሌቱን 4 ዲግሪ ላይ 60 ደቂቃ አቆዩት። ስታነቡ አዘንብሉት፤ ሴሎቹ ከኮንትሮሉ (ሴል ብቻ ካለበት ዌል) እኩል እንደ እንባ ከወረዱ ብቻ «ተገትቷል» በሉ።

ችግር፦ ሴረሙ ቫይረስ ሳይኖርም ያጣብቃል

የርግብ ሴረም ላይ ያጋጥማል። በታጠበ የዶሮ ቀይ ሴል 30 ደቂቃ አቆይታችሁ ሴሉን አውጡ።

ሦስት ጊዜ ተደግሞም 1/4 ላይ ከቆመ ናሙናውን ሰበታ ላለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላኩ። ገበሬውን ግን ላሶታ አታስተዉት፤ የፈንግል ቫይረሶች ሁሉ ሴሮታይፓቸው (በፀረ-አካል የሚለይ ዓይነታቸው) አንድ ነው፣ በደንብ የተከተበች ዶሮ ከሞት ትተርፋለች።