የኩይሳ እንጉዳይን ለይቶ አብስሎ መብላት

የምስጥ ኩይሳ ላይና ዙሪያው የሚበቅለው እንጉዳይ በሳይንሳዊ ስሙ ተርሚቶማይሲስ ይባላል። ምስጦቹ መሬት ውስጥ ለምግባቸው የሚያለሙት ፈንገስ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለቅሙ እንጉዳዩን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ይሂዱ።

1. አይንቀሉት፤ ይቆፍሩት። በእጅ ሲመዘዝ ዋናው መለያ ተበጥሶ መሬት ውስጥ ይቀራል። በቢላዋ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይግለጡ። የኩይሳ እንጉዳይ ግንድ እየቀጠነ እንደ ሥር ወደ ምስጡ ቤት ይወርዳል፤ ከግማሽ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከትሎ ማየት ይበቃል። የግንዱ መጨረሻ አብጦ ነጭ ከረጢት መሰል ሽፋን ካቀፈው ግን ገዳዩ የአማኒታ ወገን ሊሆን ስለሚችል ከለቀሙት ጋር አይቀላቅሉት። ኩይሳ አጠገብ መብቀሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሌላም እንጉዳይ እዚያው ይበቅላል።

2. ቆቡን ይመልከቱ። መሐሉ ላይ ሾል ያለ ጉብታ አለው።

3. ዱቄቱን ይፈትሹ። ግንዱን ቆርጠው ቆቡን በነጭ ወረቀት ላይ ይድፉት፤ በብርጭቆ ከድነው ያሳድሩት። የሚረግፈው ዱቄት ፈዛዛ ሮዝ መሆን አለበት። ንጹሕ ነጭ ከሆነ አማኒታን ይጠርጥሩ። አረንጓዴ ከሆነ ክሎሮፊለም የሚባለው መርዛማ ነው፤ ክፉኛ ያስመልሳል። ከምልክቶቹ አንዱ እንኳ ከጎደለ ይጣሉት። መርዛማ እንጉዳይ ብር ያጠቁራል፣ ትል የበላው እንጉዳይ ሰውን አይጎዳም የሚባለው ሁሉ ሐሰት ነው፤ የአማኒታን መርዝም መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም።

የምስጥ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ በፍጹም አይልቀሙ። መያዣው ዘንቢል ይሁን፤ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ቶሎ ይበሰብሳል።

4. አፈሩን በቢላዋ ፍቀው ፈጠን አድርገው ይጠቡት። ውሃ ውስጥ ከዘፈዘፉት ይመጥና ሲበስል ይላቆጣል። ከትፈው ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ያድርጉት፤ የራሱን ውሃ አውጥቶ ሲመጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረው ያቁላሉት። በጠቅላላው ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይብሰል።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ቀምሰው እስከ ማግስቱ ይቆዩ፤ አንድ ጥሬ እንጉዳይም ያስቀምጡ። የአማኒታ መርዝ ምልክት የሚታየው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው፦ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ። ከዚያ የተሻለ ይመስላል፤ በዚያ ፋታ ግን ጉበት እየተጎዳ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ጋብ ቢልም ያስቀመጡትን እንጉዳይ ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።