ስካይሪምን ለማሳመር ከድምፁ ጀምሩ

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ስካይሪም የተባለ ጌም አሁንም የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ስትጭኑ መጀመሪያ ወደ 4ኬ ቴክስቸር (በጣም ጥራት ወዳለው የግድግዳና የዕቃ ገጽታ ምስል) አትሩጡ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ማቃሰት ይጀምራል። እኔ ከድምፅ ጀምሩ ባይ ነኝ። ኦዲዮ ኦቨርሆል የሚባለው ሞድ የሰይፉን፣ የአስማቱንና የነጎድጓዱን ድምፅ ይቀይራል፤ ግራፊክስ ካርዱን ግን አያስጨንቅም። በጆሮ ማዳመጫ ዋሻ ውስጥ ግቡና ሞክሩት!

ለቴክስቸር 2ኬ ይበቃል። 4ኬ የቪዲዮ ሜሞሪውን አራት እጥፍ ይበላል፤ ልዩነቱ ደግሞ አፍንጫችሁን ግድግዳ ላይ ካልለጠፋችሁ ብዙም አይታይም። ኢኤንቢን (የጌሙን ብርሃንና ጥላ የሚያሳምረውን ሞድ) ለመጨረሻ አቆዩት፤ ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) የሚበላው እሱ ነው። ከኢኤንቢ በቀር ሁሉንም በሞድ ኦርጋናይዘር 2 (ሞዶችን በሚያስተዳድር ፕሮግራም) ጫኑ። የጌሙን ፎልደር ስለማይነካ፣ ያልወደዳችሁትን ቴክስቸር ምልክቱን አንስቶ መገላገል ነው። እኔ አንዴ የሞድ ፋይሎችን ወደ ጌሙ ፎልደር በእጄ ገልብጬ፣ ጌሙን ከነጭራሹ እንደ አዲስ ለመጫን ተገድጃለሁ።