ከሞት በኋላ ሕይወት ከሌለ ግብረ ገብ ይኖራልን? ጥያቄውን በአግባቡ ለመመርመር

«ገነትና ሲኦል ከሌሉ ሰው ለምን ይታመናል? ለምንስ አይሰርቅም?» የሚለው ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤትም፣ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍልም፣ ቡና ላይም ይነሣል፤ ብዙውን ጊዜም ተከራካሪዎቹ የሚናገሩት ስለ ተለያየ ነገር መሆኑን ሳያስተውሉ ተኳርፈው ይለያያሉ። ስለዚህ መልስ ከመፈለግዎ በፊት ጥያቄውን ይበትኑት። ክፉና ደጉን የምንለየው በምንድን ነው? ከለየን በኋላስ ደጉን እንድንሠራ የሚገፋን ምንድን ነው? ደግ ሠርቶ የተጎዳ ሰውስ ዋጋውን ከየት ያገኛል? በወዲያኛው ዓለም ማመን ለሦስቱም እኩል መልስ አይሰጥም፤ በእኔ ግምት ለሦስተኛው ብዙ፣ ለሁለተኛው በከፊል፣ ለመጀመሪያው ግን እጅግ ጥቂት ይሰጣል።

ይህን ለመፈተን የተራቀቀ ምሳሌ አያስፈልግም። ታክሲ ውስጥ 50 ብር ሰጥተው፣ ረዳቱ በግርግሩ መካከል የ100 ብር መልስ ቢመልስልዎት፣ ትርፉ የእርስዎ እንዳልሆነ የሚያውቁት በምንድን ነው? ረዳቱ ማታ ለባለመኪናው ገቢ ሲያስረክብ የጎደለውን ከራሱ ኪስ ሊሞላ እንደሚችል ስለሚገባዎት ነው፤ ይህም ጉዳት ሲኦል ቢኖርም ባይኖርም ያው ጉዳት ነው። አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ያምጡ፦ ማንም ሳያይዎት፣ የቤት ኪራይ ደርሶብዎት ሳለ ብሩን የሚያስመልስዎት ምንድን ነው? እዚህ ላይ «እግዜር ያየኛል» የሚለው ሐሳብ ብርቱ ኃይል እንዳለው መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ነገር ግን ስለ ወዲያኛው ዓለም ሳይታክቱ በሚሰብኩባት አገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም አብሮ ይኖራል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፈጣሪን የሚክድ ሰው መሐላም ቃል ኪዳንም ስለማያስረው ሊታገሡት አይገባም ብሎ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፒየር ቤይል ግን ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1682 ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በልማዱና በፍላጎቱ እንጂ በሚያምንበት ነገር አይደለምና የከሓድያን ማኅበረሰብም በሥርዓት ሊኖር ይችላል ሲል ተከራክሯል። የእኛ ተረት ለቤይል የሚመሰክር ይመስለኛል።

ቀጥሎ በፈጣሪ ማመንንና ከሞት በኋላ ባለው ሕይወት ማመንን አይደባልቁ። ሰዱቃውያን የተባሉት የአይሁድ ወገን፣ በሐዋርያት ሥራ 23፥8 እንደተጻፈው፣ ትንሣኤ የለም የሚሉ ነበሩ፤ ሆኖም የሙሴን ሕግ ያከብሩ፣ በቤተ መቅደስም ያገለግሉ ነበር። አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝ ራሱ በዘጸአት 20፥12 ተስፋ የሚሰጠው በምድር ላይ ረጅም ዕድሜን ነው። በአንጻሩ ሐዋርያው ጳውሎስ ሙታን የማይነሡ ከሆነ «ነገ እንሞታለንና እንብላ እንጠጣ» ማለቱን (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥32) የሚጠቅስ ተከራካሪ ቢገጥምዎት ጥቅሱን አያቃልሉበት፤ ይልቁንስ ጥቅሱ ከሦስቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚመልስ ይጠይቁት። በእስልምናም ዘንድ ስለ ባስራዋ መናኝ ስለ ራቢዓ ሲተረክ፣ አላህን የማመልከው ጀሀነምን ፈርቼ ወይም ጀነትን ተመኝቼ እንዳይሆን እያለች ትጸልይ ነበር ይባላል። ከአማኞች መካከልም ለዋጋ ሲባል የሚሠራን ደግነት ከፍ አድርገው የማያዩ ነበሩ ማለት ነው።

ጥያቄዎቹን ለያይቶ ለመመርመር ከሁሉ የሚረዳው በ1667 እ.ኤ.አ. በፈላስፋው (በንጉሡ ሳይሆን) በዘርዓ ያዕቆብ ስም በግእዝ ተጻፈ የሚባለው «ሐተታ» የተሰኘ የፍልስፍና ድርሰት ነው (ደራሲው ማን እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ክርክሩ ለውጥ አያመጣም)። ሐተታው መልካምና ክፉን የሚለየው ፈጣሪ ለሰው ሁሉ በሰጠው የልቡና ብርሃን ነው፤ ለዚህ ሲኦልን ምስክር አያደርግም። ወደ ወዲያኛው ሕይወት የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፦ በዚህ ዓለም ክፉው ሲጠግብ ደጉ ይራባልና፣ ፍትሕ የሚፈጸምበት ሌላ ሕይወት ሊኖር ይገባል ይላል። ሲያነቡት እነዚህን ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ ለሁለቱም ወገን የሚከብደውን ጥያቄ ያቅርቡ፤ ለቅሶ ቤት ግን አይሁን። አማኙን «ዛሬ ማታ ወዲያኛው ዓለም እንደሌለ ብታረጋግጥ ነገ ከምታደርጋቸው ነገሮች የትኞቹን ትተዋለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ጾሙንና ስለቱን ጠቅሶ የእናቱን መድኃኒት መግዛቱን ካልጠቀሰ፣ ያ ተግባር በምን ላይ እንደቆመ ራሱ ያስረዳዎት። የማያምነውን ደግሞ፣ በግፍ ተገድሎ ገዳዩ በሰላም አርጅቶ ለሞተ ሰው ምን መልስ እንዳለው ይጠይቁት። «ትውልድ ይፈርዳል» ካለ፣ ፍርዱ ለሟቹ ምን እንደሚያደርግለት እስኪመልስ ድረስ ወደ ሌላ ነጥብ አይለፉ።