የዕለት ሥራን በስልክ መከታተል

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሳይበረታ መከናወን ያለበትን ጉዳይ በቃል ብቻ ይዞ መዋል አድካሚ ስለሆነ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት የስልክዎን ማስታወሻ ከፍተው የነገውን ሥራ ይጻፉ። «ገበያ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ «ቀፊራ ገበያ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፤ ሲመለሱ ከዚራ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ» ተብሎ ሲጻፍ መንገዱም አብሮ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሰዓቱ ነው። ስልክ በአብዛኛው የሚቆጥረው በፈረንጆች ሰዓት በመሆኑ፣ ለጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ አላርሙን 8፡00፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ለሆነው ደግሞ 16፡00 ብለው ይሙሉ። እኔ 2፡00 ብዬ ሞልቼ ስልኩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጮኾ ጠዋት ዝም ስላለ፣ የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ አልፎብኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉት፤ በአላርሙ ስያሜ ላይም የእኛን ሰዓት ይጻፉ። ያላለቀውን ሥራ ማታ ወደ ነገው ያሸጋግሩ።