የስኮትላንድ ምግብ አልሆን ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የስኮትላንድ ባህላዊ ምግቦች ለጀማሪ የሚመቹት የሚገባባቸው ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው። ችግሩም ከዚያው ይመጣል፤ ጥፋትን የሚሸፍን ቅመም የለም። እሳቱ ከበዛ ወይም እጅ ከቸኮለ ወዲያው ይታወቃል።

ሾርትብሬዱ ጠነከረ

ሾርትብሬድ ቅቤ የሚበዛበት ብስኩት ነው። መጠኑን መያዝ ቀላል ነው፦ በሚዛን 1 እጅ ስኳር፣ 2 እጅ ቅቤ፣ 3 እጅ የፍርኖ ዱቄት። ለምሳሌ 100፣ 200 እና 300 ግራም። የሚጠነክረው ብዙ ጊዜ ሊጡ ስለታሸ ነው፤ በታሸ ቁጥር ግሉተን የሚባለው የስንዴው ፕሮቲን እየጠበቀ ይሄዳል። ቅቤውንና ስኳሩን አዋህደው ዱቄቱን ይጨምሩ፣ ሊጡ እንደተያያዘ እጅዎን ያንሱ። አልያያዝ ካለም ውሃ ጠብ አያድርጉበት። በመዳፍ ጫን ጫን ሲያደርጉት ቅቤው ራሱ ያያይዘዋል።

ኦቨን ውስጥ ቅርጹን ከለቀቀ ቅቤው ከልክ በላይ ለስልሶ ነበር ማለት ነው። ከመጋገሩ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፣ በሹካ ወጋ ወጋ ያድርጉት፣ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋግሩት። መሃሉ ገርጣ እንዳለ ዳር ዳሩ ወርቃማ ሲሆን ያውጡት። ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ ጥሬ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ መልሶ ያስገባውና ያደርቀዋል። ይተዉት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የሚቆረጠው ግን ትኩስ እያለ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢላ ሲነካው ይፈረካከሳል።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረው የቤታችን ቅቤ ጣዕሙን ይቀይረዋል፣ ውሃው ስለወጣለትም ሊጡ ሌላ ጠባይ ያመጣል።

የአጃው ገንፎ ጓጎለ

አጃው የፈላ ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ ስለተደፋ ነው። በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ያማስሉ፤ አለዚያም ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አብረው ይጣዱት። ለ1 ኩባያ የተፈጨ አጃ 3 ኩባያ ውሃ መነሻ ይሆናል። ስኮትላንዶች የሚያማስሉት ስፐርትል በሚሉት ክብ የእንጨት ዘንግ ነው። ካርብሪጅ በምትባል መንደር የሚካሄደው የዓለም የገንፎ ውድድር ሽልማትም ወርቃማ ስፐርትል ይባላል። እዚያ በባህላዊው ዘርፍ የሚፈቀደው አጃ፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው (ለጾምም ይሆናል ማለት ነው)። ስለዚህ ገንፎው ጣዕም ካጣ ከስኳር በፊት ጨው ይሞክሩ። ገንፎ ስላልነው ደግሞ ማንኪያ አያቆምም፤ ውፍረቱ ወደ አጥሚት የቀረበ ነው። ሲቀመጥ ከጠጠረ በሙቅ ውሃ ያላሉት።

ከለን ስኪንክ ውስጥ ወተቱ ተቆራረጠ

ይህ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ባለችው በከለን ከተማ ስም የሚጠራ፣ በጭስ የታጠነ ሃዶክ ዓሳ፣ ድንችና ሽንኩርት የሚገባበት የወተት ሾርባ ነው። ወተቱ የሚቆራረጠው ስለሚንተከተክ ነው። ሽንኩርቱን በቅቤ አለስልሱት፣ ድንቹን በትንሽ ውሃ ያብስሉ፣ ወተቱን ከዚያ በኋላ ጨምረው እሳቱን ይቀንሱ። ዓሳው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ውስጥ በማንኪያ ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ከዚያ ካለፈ ይደርቃል። ወተቱ አንዴ ከተቆራረጠ አይመለስም፤ ግን ጥቂት ድንች እዚያው ፈጭተው ካዋሃዱት እምብዛም አይታይም። ጨው ከበዛ ጥፋቱ የዓሳው ነው፣ ሲታጠን ጨው ጠጥቷል። ሾርባው ሳይቀመስ ጨው አይነስንሱ። ደማቅ ቢጫ ዓሳም ቀለም የተቀባ ነው፤ እኔ ገርጣ ያለውን እመርጣለሁ።

ታብሌቱ አልረጋ አለ

ታብሌት ከስኳር፣ ከቅቤና ከጣፋጭ የጣሳ ወተት የሚሠራ ከረሜላ ነው። ካልረጋ ሙቀቱ አልደረሰም፤ 116 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣሉ፤ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነ ደርሷል። ከእሳት ካወረዱት በኋላ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋና እስኪከብድ በማንኪያ ይምቱት። ያልረጋውን ትንሽ ወተት ጨምረው እንደገና አፍልተው ይምቱት፤ ከልክ በላይ ፈልቶ የደረቀውም በዚሁ መንገድ ይድናል። ድስቱ ትልቅ ይሁን፣ ስኳሩ ሲፈላ ወደ ላይ ይነሳል። ልጆችንም ከምድጃው አርቁ፤ የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃል።