በጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይመረጣል?

በጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ የሚያስቡ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች በቅድሚያ የሚጠይቁት «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም «ተመርቄ የት፣ ምን ልሠራ ነው?» የሚለው ሳይመለስ እርሱን መመለስ አይቻልም። ጤና ፖሊሲ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ፋርማሲ የሙያ ፈቃድ የሚያስገኝና የሥራ መደቡን ይዞ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። አንድ ዓይነት ዲግሪ የያዙ ሁለት ሰዎች አንዱ በጀት ሲደለድል ሌላው ሥራ ፍለጋ ሲዞር ማየት የተለመደ ነው፤ ልዩነቱም በአመዛኙ ከምዝገባው በፊት በተደረገው ምርጫ ላይ የተመሠረተ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ከሥራው ተነሥተው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያደርሱ ናቸው።

አንደኛ፦ የሚፈልጉትን ሥራ ይለዩ

በኢትዮጵያ የጤና ፖሊሲ ምሩቅ የሚቀጥሩ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ባይሆኑም የሚፈልጉት ሙያ እጅግ ይለያያል። ጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ዕቅድ የሚያዘጋጅ፣ በጀት የሚደለድልና አፈጻጸም የሚገመግም ባለሙያ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ሰፊ ሥርዓት ሆኗልና የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የወጪ ስሌትና የመዋጮ ተመን የሚገባው ሰው ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ወደ ምርምሩ ያደላሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ፣ ጠንካራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ችሎታና የዓመታት ልምድ ይጠይቃሉ።

ለረጅም ጊዜ ብዙዎች ይህን ዲግሪ ሲመኙ በዓይናቸው የሚመጣው በውጭ ዕርዳታ የሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድና ዩኤስኤአይዲም በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራውን ሲያቆም፣ በእነዚህ ፕሮጀክቶች ላይ ይሠሩ የነበሩ በርካታ የጤና ባለሙያዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሥራ ውጪ ሆነዋል። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ሰው ትምህርቱ ከፕሮጀክት ውጪም የሚፈለግ ክህሎት ይሰጠው እንደሆነ በጥብቅ መመርመር ይገባዋል። አገሪቱ የጤና ወጪዋን በራሷ ገቢ መሸፈን ባለባት መጠን ገንዘቡ የት ቢውል የበለጠ ሕይወት እንደሚያተርፍ አስልቶ ማሳየት የሚችል ባለሙያ ይበልጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ለመለየት ቀላሉ መንገድ በኢትዮጆብስና በሪፖርተር ጋዜጣ ከሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ቢያንስ አሥሩን ሰብስቦ ጎን ለጎን ማንበብ ነው። ለአብነት የጤና ፋይናንስ ባለሙያ የሚፈልግ ማስታወቂያ «በኅብረተሰብ ጤና፣ በጤና ኢኮኖሚክስ፣ በጤና ፖሊሲ ወይም በተዛማጅ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ» ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ ከታች ወረድ ሲል የወጪ ትንተና፣ በስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ወይም በኤክሴል መረጃ ማጠናቀር፣ ለውሳኔ ሰጪዎች አጭር የፖሊሲ ማስታወሻ መጻፍ የሚሉ መስፈርቶችን ይዘረዝራል። የዲግሪው ስም አንድ መስመር ብቻ ሲይዝ ክህሎቱ ግን ግማሽ ገጽ ይወስዳል። እነዚያን ክህሎቶች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሥራ ሁሉ መመዘኛ ይሆኑዎታል።

ሁለተኛ፦ የፕሮግራሙን ስም ከመደቡ ጋር ያስተያዩ

በአገራችን «ጤና ፖሊሲ» በሚል ስም ብቻ የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ እምብዛም አይገኝም፤ ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ በኅብረተሰብ ጤና ጥላ ሥር ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት የጤና አገልግሎት አስተዳደርና የጤና ኢኮኖሚክስ ዘርፎችን፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ፖሊሲና አስተዳደር ክፍሉን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጤና ሥርዓትና ፖሊሲ ክፍሉን መመልከት ይቻላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መቀጠር ወይም ማደግ የሚፈልጉ ከሆነ በዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ትልቅ ክብደት አለው፤ የሰው ሀብት ክፍሉ የሚያመሳክረው ከመደቡ የተፈላጊ ችሎታ ዝርዝር ጋር ስለሆነ በይዘት ተመሳሳይ የሆነ ትምህርት በስሙ ምክንያት ብቻ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ከመመዝገብዎ በፊት የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል «ይህ የትምህርት ዘርፍ ለየትኛው መደብ ያበቃኛል?» ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ የመመረቂያ ጽሑፎችን ያንብቡ

ከሁሉም ደረጃዎች ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ነገር ግን አመልካቾች ሲዘነጉት ይታያል። የአንድ ክፍል ትክክለኛ ጉልበት ከማስታወቂያው ይልቅ በተማሪዎቹ ጽሑፎች ላይ ይታያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የመመረቂያ ጽሑፎችን በድረ ገጻቸው ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። በሚፈልጉት ክፍል ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የቀረቡትን ርዕሶች ይመልከቱ።

ርዕሶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በእገሌ ወረዳ የዚህ ነገር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ቅርጽ ካላቸው፣ ክፍሉ የሚያሠለጥነው መጠይቅ በትኖና ሰብስቦ የሚተነትን ተመራማሪ ነው ማለት ነው። ይህ ጠቃሚ ሙያ ነው፤ የፖሊሲ ትንተና ግን ከዚህ ያለፈ ሥራ ነው። በአንጻሩ አንዱ ተማሪ የአንድ ሆስፒታል የወሊድ አገልግሎት ለመንግሥት ስንት ብር እንደሚያስወጣ አስልቶ፣ ሌላው የጤና መድን አባላት ለምን እንደማያድሱ ከወረዳ መዛግብት ተነሥቶ መርምሮ፣ ሌላዋ አንድ መመሪያ ከሚኒስቴሩ ወጥቶ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ምን እንደገጠመው ተከታትላ ከሆነ፣ በዚያ ክፍል ፖሊሲ በእውነት ይጠናል።

እግረ መንገድዎን የአማካሪዎቹን ስም ይመዝግቡና በምን ሥራ ላይ እንደተሳተፉ ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ፓኬጅ 1,018 አገልግሎቶችን በቅደም ተከተል ለይቶ ያስቀመጠ ሰነድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሳካው የበሽታ ጫናን፣ ወጪንና ፍትሐዊነትን አንድ ላይ መመዘን በሚችሉ ሰዎች ነው። በእንዲህ ያሉ ሰነዶች ዝግጅት የተሳተፉ መምህራን ያሉበት ክፍል ተማሪውን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ውሳኔ ወደሚወሰንበት ጠረጴዛ ያቀርበዋል፤ የመጀመሪያውን ሥራ የሚያስገኘውም ብዙ ጊዜ ይኸው ቅርበት ነው።

አራተኛ፦ ዕውቅናውን ያረጋግጡ

የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው ፈቃድ የሚመለከተው ለተለየው ፕሮግራምና ለተለየው ካምፓስ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ኮሌጁ በሌላ ትምህርት ወይም በሌላ ከተማ ዕውቅና ስላለው ብቻ የእርስዎ ዲግሪ ተቀባይነት አያገኝም። ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማትን ዳግም ሲመዘግብ ብዙዎቹ ከገበያው ወጥተዋል፤ ስለዚህ የቆየ የምስክር ወረቀት ሳይሆን የአሁኑን ሁኔታ ከባለሥልጣኑ ይጠይቁ። በርቀት ወይም በውጭ አገር የሚማሩ ከሆነ፣ ተመልሰው ሲመጡ የአቻ ግምት ያስፈልግዎታልና ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ተቀባይነት እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ። ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ምክር ቤት ዕውቅና መኖሩን መመልከት ይጠቅማል።

አምስተኛ፦ አገር ውስጥ ወይስ ውጭ?

የውጭውን መንገድ ለሚመርጥ ሰው ስማቸው በሙያው የታወቀ ተቋማት አሉ። የለንደኑ የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ከለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ጋር በጋራ የጤና ፖሊሲ፣ ዕቅድና ፋይናንስ ትምህርት ይሰጣል። በአንትወርፕ የትሮፒካል ሕክምና ኢንስቲትዩትና በአምስተርዳሙ የሮያል ትሮፒካል ኢንስቲትዩት (ኬ አይ ቲ) የሚሰጡት ፕሮግራሞች እንደ እኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች የተቃኙ ስለሆኑ፣ የክፍል ጓደኛዎ የታንዛኒያ ወይም የኔፓል የዞን ጤና ኃላፊ ቢሆን አይግረምዎ። የኬፕ ታውንና የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲዎች በጤና ፖሊሲና ሥርዓት ምርምር በአፍሪካ ግንባር ቀደም ናቸው፤ የሚያነሷቸው ችግሮች ለእኛ ቅርብ ሆነው ሳለ ከአውሮፓው ያነሱ ተደርገው መታየታቸው ያሳዝነኛል።

የትምህርት ዕድል ሲፈልጉ በመጀመሪያ መስፈርቱን ያንብቡ። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሦስት የብሪታንያ ትምህርቶችን ያስመርጣል፣ ከምረቃ በኋላም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ግዴታ ያደርጋል። ከልማት ጋር የተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶችን የሚደግፈው የጀርመኑ የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት (ዳድ) መርሐ ግብርም የሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪ በመደበኛነት ከስድስት ዓመት በላይ እንዳይቆይም ይጠይቃልና ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚያመለክት ሰው ይህን ይጠንቀቅ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ውጪ የሚመጡ ተማሪዎችን ስለምታስከፍል ነፃ ትምህርት ነው የሚለው የቆየ ወሬ አያሳስትዎ።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሁኔታው ሌላ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጆርጅ ሜሰን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ጆንስ ሆፕኪንስ ሁሉም በአካባቢው ናቸው፤ የአሜሪካን መንግሥታዊ የጤና መድን የሚያስተዳድረው የሜዲኬርና የሜዲኬድ ማዕከል በባልቲሞር አጠገብ፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩም በሲልቨር ስፕሪንግ ይገኛል። በሕጋዊ ነዋሪነት የአካባቢውን ክፍያ የሚያስገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከግሉ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ገንዘብ ያድናል። ይህም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ለመሰል ሁለተኛ ዲግሪ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ከ20,500 ዶላር በላይ መበደር ስለማይችሉ የበለጠ አስፈላጊ ይሆናል። የፌዴራል ጤና መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ ሠራተኞችን ስለቀነሱም የክፍለ ግዛትና የሆስፒታል ሥራዎችን ጭምር ያስቡ።

ለእኔ ዋናው መለያ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ መንግሥት ውስጥ መሥራት የሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥ መረጃ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲሠራ የሚያደርገውን ትምህርት ቢመርጥ ይጠቀማል፤ በዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ከብዙ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች ያሉበትን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ስድስተኛ፦ ምሩቃንን ያነጋግሩ

ከሚያስቡት ክፍል ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቁ ሦስት አራት ሰዎችን በሊንክድኢን ወይም በሥራ ባልደረቦች በኩል ይፈልጉ። «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ «ጥሩ ነው» የሚል ይሆናል። ይልቁንም አሁን ምን እንደሚሠሩ፣ ከምረቃ እስከ ሥራ ስንት ወር እንደፈጀባቸው፣ አማካሪያቸው ጽሑፋቸውን በስንት ሳምንት አንብቦ እንደመለሰላቸው፣ ከተማሩት ኮርስ ውስጥ በሥራ ላይ የተጠቀሙበት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የአማካሪ መዘግየት በእኛ ዘንድ የሁለት ዓመቱን ትምህርት ወደ ሦስትና ከዚያ በላይ ሊያራዝም ስለሚችል ይህን ጥያቄ በትሕትና ግን ሳያልፉ ያንሡ።

ሰባተኛ፦ ጊዜውንና ገንዘቡን አስልተው ያመልክቱ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ የሚያመለክት ሁሉ ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የፈተናውን ምዝገባ ከዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ቀድመው ይከታተሉ። መሥሪያ ቤትዎ የሚልክዎ ከሆነ ከተመለሱ በኋላ የሚያገለግሉበትን የግዴታ ውል ዓመታት በጽሑፍ ይመልከቱ፤ በራስዎ ወጪ የሚማሩ ከሆነ ደግሞ የቅዳሜና እሑዱ መርሐ ግብር ከደመወዝዎ ሳይለዩ ለመማር ስለሚያስችል ከመደበኛው ጋር ያነጻጽሩት። በመጨረሻም ከሁለት እስከ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን መርጠው ትራንስክሪፕትዎን ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲዎ ሬጅስትራር ወዲያውኑ ያስልኩ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎ ሰዎችንም ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ያሳስቡ፤ ቼቭኒንግ በነሐሴ ተከፍቶ በመስከረም ማብቂያ ገደማ ስለሚዘጋ የእርሱ ዝግጅት ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ መሆን አለበት።